የጀልባዋ ግራ

ሰፈሩ የሚያውቀው ቱንቢ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቱንቢ ከክር ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የብረት ፍሬ ነው፤ አናጺና ግንበኛ ያቆሙት ነገር ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት። እሱ ይህችን ፍሬ ከኮት ኪሱ ለይቷት አያውቅም። ሰው ቤት በእንግድነት ሲጠራ፣ ግድግዳው ላይ የተጣመመ ፎቶ ካለ ሳያቃና አይቀመጥም። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር ይሸጉጣል። ሚስቱ የሠርጋቸውን ዕለት ዛሬም ድረስ ታነሣበታለች። ፎቶ አንሺው ፈገግ በል እያለ ሲለምነው፣ ሙሽራው የካሜራውን ማቆሚያ እያየ «አንዱ እግሩ አጥሯል» ይል ነበር። ፎቶው ላይ ሁሉም ወደ ፊት ሲያይ እሱ ብቻ ወደ መሬት ያያል።

ሥራው ቁም ሣጥን ነው። በርም መስኮትም ይሠራል፤ ስሙ የተጠራው ግን በቁም ሣጥን ነው። ከገበያው ጀርባ ዳገቱ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ የመጋዝ ብናኝ ከደጃፉ ጀምሮ እግር ይቀበላል፤ ኮላው ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር የመጀመሪያ ትምህርቱ ምንጊዜም አንድ ነው። ቁም ሣጥን የራሱ ግራ የለውም ይላል፤ ግራው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ግራ ነው። ደንበኛ መስታወቱን በግራው በር ላይ አድርግልኝ ካለ፣ ቆሞ ግራ እጁን የሚዘረጋበትን በር ማለቱ ነው። ይህን ያልያዘ አናጺ መስታወቱን ያለቦታው ሰቅሎ ከደንበኛ ጋር ሲነታረክ ይውላል። ትምህርቱ ትክክል ነው። በሕይወቱ ያጠፋው ትልቁ ጥፋት ግን የመጣው ከዚሁ ትክክለኛ ትምህርት ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቆማ «አጎቴ» አለችው። ልጅነቷን እንጂ እሷን አያውቃትም፤ በግንባሯ ለያት። የታላቅ ወንድሙ ልጅ ናት። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም። የአባቷ ዓይን መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላኛው እንደከዳው፣ ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ እየተጋጨ ግንባሩ ቁስል በቁስል እንደሆነ ነገረችው። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ የእንጨት መደገፊያ ፈልጋ ነው የመጣችው። ሌላ አናጺ አታምንም፤ ስንጥር ቢወጋውስ?

«ምን ያህል ያያል?» አላት።

«መስኮቱ የት እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።» ከወጣች በኋላ ተመልሳ አንገቷን አስገባች። «ደግሞ አንተ እንደሠራኸው እንዳያውቅ፣ አደራ።»

ወንድማማቾቹ አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ፣ ሌላው ወደቡ አጠገብ፣ አንድ አውቶቡስ በሚያገናኘው መንገድ ጫፍና ጫፍ ሲኖሩ፣ ከተነጋገሩ ይህች ሴት ከልጅነቷ አድጋ ወግ ማዕረግ አይታ የልጆች እናት እስክትሆን ድረስ ያለው ዕድሜ አልፏል። የተጣሉት በአንዲት ጀልባ የተነሣ ነው።

ጀልባዋን የሠራት አባታቸው ነበር፣ ታናሹ ገና ሳይወለድ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ንድፍ አያውቅም፤ በዓይኑ ለክቶ፣ በመዳፉ ዳብሶ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ ጀልባ አቁሞ ለባሕር አበቃ። ታላቁ ገና በጠዋቱ አብሮት ወጣ። ታናሹ ግን ጀልባ ላይ በወጣ ቁጥር አንጀቱ እስኪላቀቅ ያስመልሰው ነበርና አባትየው ስቆ፣ ይኼኛውን የብስ ወስዶታል ብሎ ለቁም ሣጥን ሠሪ አስረከበው። የወደቡ ሰው ጀልባዋን እርጉዝ እያለ ይጠራት ነበር። ታናሹ ይህን ስም ሲሰማ፣ ሁልጊዜ ዓሣ ጠግባ ስለምትመለስ መሰለው። ሆዷ ያለው ውሃ ውስጥ ነውና አይቶት አያውቅም። ጠይቆም አያውቅም።

አባትየው ከሞተ በኋላ፣ ታላቁ ወደቡ ላይ አዳልጦት እግሩን ሰበረ። እሱ ጀሶ ታስሮ በተኛበት ጊዜ ጀልባዋ ለጥገና ወደ ዳር ተጎተተች። ታናሹን አስጠራውና ትዕዛዙን አንድ ባንድ ነገረው። ቀኟ ተጎሳቁሏል፣ እንደሚሆን አድርገህ አስተካክለው። ግራዋን ግን እንዳታቃና፤ እንዳለች ተዋት። ይህንን ሁለተኛውን ቃል ደጋግሞ ነው የተናገረው። ታናሹም እሺ ጋሼ ብሎ ወረደ።

ጀልባ ወደ ዳር ሲጎተት አፍንጫው ወደ የብስ ነው። ከዳገቱ የወረደው አናጺ ፊት ለፊቷ ደረሰና ቁም ሣጥን ፊት እንደሚቆም ሰው ቆመ። በስተቀኝ እጁ ያለው ጎኗ እንደ ቅል ተነፍቷል። በስተግራ ያለው ቀጥ ያለ ነው። ወንድሙ ቀኟ ተበላሽቷል ያለውም እውነት ሆኖ አገኘው፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል ብሎ ደመደመ። ቱንቢውን ጣለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሥራ ጀመረ። የተነፋውን ጎድን እያወጣ ቆረጠ፤ ሳንቃውን ላገ፤ ሁለቱ ጎኖች መንታ እስኪመስሉ አስተካከለ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት የሠራው ሥራ የለም። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያደንቅለት ነበር።

ውሃ ላይ ስትወርድ ሙሽራ መሰለች። መረብ የሚጎተተው ግን በጀልባዋ ግራ ነው። የሰዎቹ ክብደትም፣ ውሃ ያዘለው መረብም፣ ዓሣውም የሚያርፈው እዚያ ጎን ላይ ነው፤ አባታቸው ግራዋን ሆዳም ያደረጋት ለዚሁ ነበር። ሆዱ ሲጠፋ የሚሸከማት ነገር ጠፋ። በመጀመሪያው መረብ በጎኗ ተኛች፤ ውሃው በጠርዟ ገባ፤ ሰዎቹ መረቡን በቢላ በጥሰው ነፍሳቸውን አተረፉ። ከዚያ ወዲያ እሷ ላይ የሚሳፈር ጠፋ። ወደቡም ለነገር አይሰንፍም፤ ቱንቢ እርጉዟን አስወረዳት ተባለ።

ታላቁ በክራንች እየተንቀጠቀጠ ዳገቱን ወጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሠራተኞች እየሰሙ ነው የተናገረው።

«አባታችንን መቃብሩ ውስጥ ልታርመው ፈለግህ። በል፣ ታርሟል።»

«ያልከኝን ነው የሠራሁት» አለ ታናሹ። ከልቡ ነበር። ወንድሙ ግን ዓይን አውጣ ብሎት ሄደ።

ጀልባዋ ዳር ላይ እንደቆመች ፀሐይ ሰነጠቃት። ሳንቃዋን እየነቀለ አጥር ያጠረበትም፣ ያነደደውም አለ። የራሱ ካፒቴን የነበረው ሰው በረዶ ቤት ገብቶ የሌሎችን ዓሣ በረዶ በአካፋ ያለብስ ጀመር።

ቱንቢ ነገሩ የገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ማዶ ለሚሠራ ሕንጻ በር ሊገጥም በመንገደኛ ጀልባ ሲሄድ፣ ባሕሩን ማየት ስለሚያስመልሰው ጀርባውን ለጀልባዋ አፍንጫ ሰጥቶ ከተማውን እያየ ቆሞ ነበር። አንዱ መርከበኛ፣ በግራ በኩል ያላችሁ ወዲህ እለፉ ሲል፣ እሱ ካልተባለው ጎን ወደ ተባለው ጎን ተሻገረ። መርከበኛው ሳቀበት።

«ጋሼ፣ ግራው የጀልባዋ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ፊትህን ብታዞር እሷ አብራ አትዞርም።»

ፊት ለፊቷ የቆመባት እርጉዟ ታየችው። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ላይ ዘፍ አለ። በሩን እንዴት እንደገጠመ፣ እንዴት እንደተመለሰ አያስታውስም።

በዚያው ቀን ከወደቡ ወንድሙ ቤት ድረስ በእግሩ መሄድ ይችል ነበር። መንገዱን ጀምሮም ነበር። ጥጉ ላይ ሲደርስ የሚናገረውን በአፉ ሞከረው፤ ግራና ቀኜን አላውቅም ነበር። አናጺ፣ ያውም እሱ። ወደቡ ሲስቅ ተሰማው። ክፉ ነው መባሉን እስከዚያ ቀን ተሸክሞታል፣ ለምዶታልም። ሞኝ ነው መባልን ግን አልቻለውም። ዞሮ ዳገቱን ወጣ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ሲል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሲሆን ጊዜው ሄደ። የወንድሙ ሚስት አንድ ጊዜ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ የመጋዝ ብናኙን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ብቻ በለው ብላ ለመነችው። ምንም ይሁን፣ አንድ ቃል። እመጣለሁ አላት። የመጣው ለቀብሯ ነው። ከሰው ኋላ ቆሞ፣ እጅ መጨባበጡ ሳይጀመር ተመለሰ።

አሁን የወንድሙ ልጅ የጠየቀችውን መደገፊያ ሠርቶ በሠራተኛው እጅ ላከው። ስንጥር እንዳይኖረው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ፈግፍጎ፣ ጉንጩ ላይ አድርጎ ሞክሮታል። ሠራተኛው አድርሶ ሲመለስ ሱቁ ለቱንቢ ባዶ መሰለው። ቀና ሲል፣ የኮላ ጣሳዎቹ የተደረደሩባት መደርደሪያ ታየችው። እንጨቷ ከእርጉዟ ሆድ ላይ ቆርጦ ያወጣው ጎድን ነው፤ ጥሩ እንጨት ነው ብሎ ያኔ አስቀርቶት ነበር። ጣሳዎቹን አወረደ።

ጀልባዋን በትንሹ ሊሠራት አሰበ። ጭን ላይ የምታርፍ፣ ማየት ለማይችል ሰው በእጅ የምትነበብ። ሆዷ በግራዋ፣ በራሷ ግራ የሚሆን። ወንድሙ በመዳፉ ሲያገኘው ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ እኔ አፌን መክፈት አይኖርብኝም ብሎ ተስፋ አደረገ። እሱ ያቃተውን እሷ እንድትናገርለት ነበር።

አከርካሪዋን ከዚያው ጎድን ጠረበ። ሌሎቹን ጎድኖች እንደ ክብሪት ቀጭን አድርጎ ሰነጠቀ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በጣሳ ዙሪያ እያጠፈ አደረቃቸው። ለምስማር የልብስ ስፌት መርፌ ቆርጦ፣ በወረንጦ እየያዘ ተከለ። ገመዷ ሰም የተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ነው። ሸራዋ ከአሮጌ የትራስ ልብስ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት ሚስቱ ሱቁ ድረስ ወርዳ ሥራውን መረመረች። የራሳችን ቁም ሣጥን በሩ ወልቆ ልብሴን አቧራ በላው አለች። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ወለል አጎንብሳ አንዲት ትንሽ መዝጊያ በጣቷ ነካች።

«ለአሻንጉሊትም ሽንት ቤት ትሠራለህ?»

«የዓሣ ጎተራው መዝጊያ ነው።»

ሳቀች፤ ቀና ስትል ግን ፊቱን አየችና የትራስ ልብሱን ጠርዝ ራሷ ዘመዘመችለት።

የከበደው የግራ ሆዷ ነበር። እጁ አልታዘዝ አለው። ሆዱን አውጥቶ ቀና ሲል፣ ሳያውቀው በመላጊያው በልቶ ከቀኙ ጋር አስተካክሎት ያገኘዋል። እንደገና ያፈርሳል። በመጨረሻ ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳበሰ ሠራው። አባቱም እንደዚህ ሳይሠራ አልቀረም ብሎ ያሰበው ያኔ ነው። አባቱንም ወንድሙንም መጠየቅ ይችል የነበረውን ሁሉ አሰበ።

ምሰሶዎቹን ለመንገድ ነቅሎ፣ ጀልባዋን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአውቶቡስ ወረደ። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተኝቷል?» አሉት። አዎ አለ፤ እስኪወርድም አቅፎ ይዞት ሄደ።

የወንድሙ ልጅ በሩን ስትከፍት ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ወንድሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ የለም፤ ትከሻው ያው ነው። ልጅቱ አባባ እንግዳ መጥቷል ከማለቷ፣

«እንግዳ አይደለም» አለ ወንድሙ። «ሰው ቤት ሲገባ የበር ማጠፊያ የሚነቀንቅ እንግዳ የለም።»

ቱንቢ እጁን ከማጠፊያው ላይ አነሣ። ተራምዶ ጥቅሉን እንደያዘው ወንድሙ ጭን ላይ አኖረው። ወንድሙ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አንሶላውንም አልፈታም። ሁለት እጁን በጨርቁ ላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ ወደ ሆዷ ሰደደ። ወዲያው አወቃት። ቀኝ እጁ የተነፋው ጎኗ ላይ ደርሶ አረፈ። ግራ እጁ ቀጥ ያለውን አገኘ። ሁለቱን እጆች አመዛዘነ፣ ፊቱም ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ሆዷን በቀኟ አደረግህላት» አለ። «ዓይኔ ከጠፋ በኋላም ትቀልድብኛለህ?»

ጥቅሉን ከጭኑ ሊገፋ እጁን አነሣ። ልጅቱ ልትቀበለው ተንቀሳቀሰች። ቱንቢ የሆነው ሁሉ እንደገና ሲሆን አየ። ትናገርልኛለች ያላት ጀልባ፣ የሚናገርላት ሰው ፈልጋ ቁጭ ብላለች።

«ጋሼ» አለ። «አፍንጫዋ ወዳንተ ነው። አዙራት።»

ወንድሙ ቆም አለ። በጣቱ አፍንጫዋን ፈልጎ በራሱ ሆድ ትይዩ አገኘው። ከዚያ ቀስ አድርጎ አዞራት፤ አፍንጫዋ ወደ መስኮቱ ሆነ። ሆዷ ግራ እጁ ውስጥ ገባ፣ ድሮ የነበረበት። ለረጅም ጊዜ እንደያዛት ቆየ። እንደገና ወደ ራሱ መለሳት። እንደገና ወደ ፊት። እጆቹ አንድ ነገር የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

«ያን ጊዜ» አለ፣ «የት ቆመህ ነበር?»

«ፊት ለፊቷ።»

«እንደ ቁም ሣጥን።»

«እንደ ቁም ሣጥን፣ ጋሼ።»

የወንድሙ ሳቅ ከሆዱ ነው የጀመረው፤ ድምፅ ሳይኖረው ትከሻውን አናወጠው፣ ከዚያ ፈነዳ። ልጅቱም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ወደቡ ሁሉ፣ አለ እንባውን እየጠረገ፣ ወደቡ ሁሉ ይህን ቢሰማ ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። ከዚያ በዚያው ሳቅ ውስጥ መቼ አወቅህ ብሎ ጠየቀ። ቱንቢ የመንገደኛውን ጀልባ ነገረው። ልጅህ ገና ደብተር ተሸክማ ትሄድ በነበረበት ጊዜ አለ።

ሳቁ ቆመ።

«ያን ሰሞን ብትነግረኝ ኖሮ፣ በየደረስኩበት አውርቼ ላንድ ዓመት መሳቂያ አደርግህ ነበር» አለ ወንድሙ። «ከዚያ ያልቅ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።»

እሷ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገም። የሚስቱ ወንበር ጥጉ ላይ ነበር፤ የተጣጠፈ ልብስ ተከምሮበታል።

«መደገፊያውንስ ማን እንደሠራው የማላውቅ መሰለህ? በዚህ ከተማ እንጨት እንዲህ የሚያለሰልስ ሌላ ሰው የለም። ገና ስነካው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተም ዝም ስላልክ።»

ልጅቱ ወደ ጓዳ ገባች። ቱንቢ የሚሠራው ሲያጣ አንሶላውን ፈታና ምሰሶዎቹን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ ሊተክላቸው ተንበረከከ። የመጀመሪያው ልክ ገባ። የሁለተኛው ቀዳዳ ምሰሶው ሲነቀል ላልቷል። ወንድሙ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳበሰው።

«ዘመም ብሏል።»

ቱንቢ እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ ባዶ ነው፤ ፍሬዋ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ናት። «ላቃናው?»

«ተወው። እጅህን አሳርፍና ተቀመጥ።»

ተነሣ፤ ግን በየት በኩል እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። ወንድሙ ይህንንም የሰማው ይመስል፣ አግዳሚውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«በግራዬ» አለ። «በእኔ ግራ።»

ተቀመጠ። ጀልባዋ ወንድሙ ጭን ላይ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አድርጋለች። ወንድሙ ፊቱን ብርሃኑ ወደሚመጣበት አዙሮ፣ እርጉዟ የቆመችበት ዳር ከዚህ ይታያል ወይ ሲል ጠየቀ። ቱንቢ አየ። አሸዋው የለም። ዳሩ በሙሉ በሲሚንቶ ተደፍኖ መኪና ቆሞበታል። ሊዋሽ አሰበ፤ ከዚያ ያየውን ተናገረ።

«አውቃለሁ» አለ ወንድሙ። «ሲደፍኑት ዓይኔ ገና ደህና ነበር። እዚሁ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንተም እንድታየው ብዬ ነው።»

ቱንቢ እንደገና ዳሩን አየ። ሲሚንቶው ፍጹም ልክ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም የሚቃና ነገር የለውም።